ቱርቦ ያለው ሞተር ሲታደስ ስለ እመቃው ልክ

ቱርቦ ያለው ሞተራችሁ ተፈትቶ ሲታደስ፥ መካኒኩ «ቴስታታውን ቶርኖ ቤት አስላግቼዋለሁ» ቢላችሁ፥ ስንት እንደ ተላገ ሳትጠይቁ ገንዘብ አትክፈሉ።

ፒስቶኑ ሲወርድ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ስፍራ፥ ፒስቶኑ ሲወጣ ለሚተርፈው ጠባብ ስፍራ ቢካፈል፥ የሚገኘው ቁጥር የእመቃ ልክ ይባላል። ፒስቶኑ የሚጠርገው 500፥ ከበላዩ የሚተርፈው 62.5 ሴንቲ ሜትር ኩብ ቢሆን፥ ልኩ 9 ለ1 ነው። ቴስታታው በመላጉ ከላይኛው ስፍራ 5 ሴንቲ ሜትር ኩብ ብቻ ቢጎድል፥ ልኩ 9.7 ለ1 ይደርሳል።

ቱርቦ የሌለው ሞተር ይህን ብዙ ጊዜ ይችለዋል፤ አየሩ ስስ በሆነበት በአዲስ አበባማ ጥቂት ጉልበት ያተርፍበታል። ቱርቦ ግን አየሩን አምቆ ስለሚሰድ፥ ፒስቶኑ የታመቀውን ደግሞ ያምቃል፤ ሙቀቱ ሲበዛ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፥ ሞተሩ ያንኳኳል፥ ፒስቶኑም ይሰነጠቃል።

ኦልድስሞቢል የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1962 እ.ኤ.አ. ጄትፋየርን ከቱርቦ ጋር በ10.25 ለ1 እመቃ ሠርቶ፥ እንዳያንኳኳ ውሃና ሜታኖል እንዲረጭበት አደረገ፤ ብዙ ባለመኪኖች ግን ፈሳሹን መሙላት ቸል አሉ፥ መኪናውም ከ1963 በኋላ አልተሠራም። የስዊድኑ ሳብ በ1978 ለገበያ ባወጣው 99 ቱርቦ እመቃውን 7.2 ለ1 ማድረጉ ይልቅ ብልህነት ነበር።

ልኩ ከፋብሪካው መጽሐፍ በልጦ ከተገኘ፥ ወፍራም ጓርኒሲዮን የጎደለውን ስፍራ ይመልሳል፤ ይህ ግን ሞተሩ ከመገጠሙ በፊት ይነገር።