የሜዳው ሞተር ብስክሌት ወደ አውራ ጎዳና ሲወጣ

የጉግስ ፈረስና የመንገድ በቅሎ አንድ እንዳይደሉ አባቶቻችን አሳምረው ያውቁ ነበር። ፈረሱ በሜዳው ላይ ለጥቂት ጊዜ እንደ ነፋስ ይበራል፤ በቅሎዪቱ ግን ኮርቻና ስንቅ ተሸክማ፣ ገደሉን ስትወርድ ዳገቱን ስትወጣ ሳምንት ትከርማለች። በሞተር ብስክሌትም ዘንድ ይኸው ልዩነት አለ። አንዳንዱ ለአሸዋ፣ ለጭቃና ለጫካ ዱካ ብቻ ተብሎ ከፋብሪካ ይወጣል፤ ስፖኪዮ የለው፣ ፍሬቻ የለው፣ ክላክስ የለው፣ ታርጋ የሚታሰርበት ቦታ እንኳ አልተበጀለትም። እንዲህ ያለውን በዚህ ጽሑፍ የሜዳ ሞተር ብስክሌት እንለዋለን። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ወጣቶች ይህንኑ ገዝተው፣ በሕዝብ መንገድ እንዲሄድ አስፈቅደው፣ ጓዛቸውን ጭነውበት አገር ለአገር ለመዞር ይነሣሉ። ከእነርሱም መካከል አፍሪካን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያቋርጡት በእኛ አገር በኩል የሚያልፉበት ጊዜ አለ።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቀላል። የጃፓኑ ሱዙኪ ኩባንያ በ2000 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዲ አር ዜድ 400 የተባለውን ባለ 398 ሲ.ሲ. ሞተር ብስክሌት ሲያወጣ፣ በአንድ ዓይነት ሞተር ላይ ተመሥርቶ ከአንድ በላይ ዓይነት አድርጎ ሠራው። «ኢ» የሚል ፊደል የተጨመረበት ለሜዳ ብቻ ሲሆን፣ «ኤስ» የሚለው ደግሞ በሕዝብ መንገድ ለመሄድ የተፈቀደ ነበር። የሜዳው ክብደት ያለ ቤንዚንና ያለ ዘይት 119 ኪሎ ግራም፣ የመንገዱ 132 ኪሎ ግራም ነበር። ለሜዳው ሰፋ ያለ ካርቡራቶር ተሰጥቶታል፤ ሞተሩም አየርና ቤንዚኑን አጥብቆ እንዲያምቅ ተደርጓል። ስለዚህ ፈጣን ነገር የሚወድ ወጣት «ኢ»ን ይመርጣል። ከመረጠም በኋላ መብራቱን፣ ስፖኪዮውን፣ ባለ ድምፅ መቀነሻ ማርሚታውን፣ የታርጋ ማሰሪያውን አንድ በአንድ ከገበያ ይገዛል። ፋብሪካው አስቦ የጣለውን 13 ኪሎ ገዢው በገንዘቡ ይመልሰዋል ማለት ነው! ሥራው በዚህ ብቻ ቢያልቅ መልካም ነበር፤ አያልቅም እንጂ።

ሕግ ከዚህ መሣሪያ የሚፈልገው ምንድን ነው? በአሜሪካ የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ የወጣው በ1966 ነው። በዚያ ሕግ መሠረት የመብራት ደንብ ከ1968 ጀምሮ ተከተለ፤ የሞተር ብስክሌት ጭስ ከ1978 ሞዴል ጀምሮ ተለካ፤ ድምፁም ከ1986 ሞዴል ወዲህ ለመንገድ ከሚሠራው ላይ ከ80 ዴሲቤል እንዳያልፍ ተወሰነ። አንቀጹ ብዙ ነው፤ ይሁን እንጂ ሁሉም ተጠቅልሎ ሲታይ ሁለት ነገር ይወጣዋል፤ አሽከርካሪው እንዲታይና እንዲታወቅ። እንዲታይ የፊት መብራት፣ የኋላ ቀይ መብራት፣ በእጅም በእግርም ፍሬን ሲያዝ የሚበራ የፍሬን መብራት፣ አንጸባራቂ፣ ስፖኪዮና ክላክስ ያስፈልጉታል። እንዲታወቅ ደግሞ ሌሊት በብርሃን የሚነበብ ታርጋ፣ ሊብሬና ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል። ይህ ሁለተኛው ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ2019 በአዲስ አበባ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ በፈቃድ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዋናው ምክንያት ሆኖ የቀረበው ማን እንደ ሆነ በማይታወቅ ነጂ የሚፈጸም ወንጀል ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያደክመው የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። የብዙዎቹ የሜዳ ሞተር ብስክሌቶች ዲናሞ ለካንዴላው ብልጭታ ከሰጠ በኋላ የሚተርፈው ኃይል ጥቂት ነው። ባለ 55 ዋት የተለመደ አምፖል ቢሰቀልበት፣ ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ይደምቃል፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ሲቆም ግን እንደ ኩራዝ ይፈዛል። መታየት የሚያስፈልገው ደግሞ በዚያው በመስቀለኛው መንገድ ላይ ነው። የቀድሞዎቹ ባለሙያዎች የዲናሞውን ሽቦ እንደ ገና ጠቅልለው፣ ኃይሉን የሚያስተካክል ዕቃ ጨምረው፣ ትንሽ ባትሪ ያስገቡበት ነበር። ዛሬ ኤል ኢ ዲ የሚባለው አምፖል በጥቂት ዋት ብዙ ብርሃን ስለሚሰጥ ችግሩን አቃልሎታል። ቢሆንም አዲሱ መድኃኒት የራሱን በሽታ ይዞ መጥቷል፤ የድሮው የፍሬቻ ማብለጭለጫ የሚሠራው በውስጡ የሚያልፈው ኃይል ሲያሞቀው ስለ ነበረ፣ የኤል ኢ ዲው ኃይል ከማነሱ የተነሣ አይሞቅም፤ ስለዚህ ፍሬቻው ይበራል እንጂ ብልጭ ድርግም አይልም። ማብለጭለጫውም በኤሌክትሮኒክ መለወጥ አለበት። የፍሬን መብራቱ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለው። የፍሬን ዘይት የሚያልፍበትን ቱቦ ከፓምፑ ጋር የሚያያይዘውን ቡሎን አውጥቶ፣ በውስጡ ማብሪያ ያለበትን ቡሎን መተካት ነው፤ ዘይቱ ሲጨናነቅ መብራቱ ይበራል። ጎማውም ይታያል። ለውድድር ብቻ የተሠራው ጥርሳም ጎማ ለመንገድ መፈቀዱን የሚያሳየው ጽሕፈት በጎኑ ላይ አይገኝም፤ አስፋልት ላይም ቶሎ ያልቃል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ብስክሌቱ እንደ ገና ዛፍ ቢያበራም፣ ሕጋዊ የሚያደርገው ወረቀት ነው። በዚህ ረገድ የአሜሪካ ግዛቶች እንደ ወንድማማች አይመሳሰሉም። አሪዞና በሩን ትከፍታለች፤ ባለቤቱ የሚፈለገውን ሁሉ ማሟላቱን በፊርማው ያረጋግጣል፣ ብስክሌቱ ይመረመራል፣ ታርጋ ይሰጠዋል። ጎረቤቷ ካሊፎርኒያ ግን ፋብሪካው ራሱ ለመንገድ ጭስ ደንብ የሠራው መሆኑን የሚመሰክር ምልክት ካልለጠፈበት፣ የመብራት ብዛት አያሳምናትም። እዚያ የሜዳው ብስክሌት በሜዳ ይቀራል፤ እዚያም ቢሆን ጭሱ ደንቡን ያሟላው አረንጓዴ ምልክት አግኝቶ ዓመቱን ሙሉ ሲሄድ፣ ያላሟላው እስከ 2021 ሞዴል ድረስ ቀይ ምልክት እየተሰጠው በተወሰነ ወራት ብቻ እንዲሄድ ተደርጎ ነበር። እንግሊዞች ደግሞ እንደ ልማዳቸው መካከለኛ መንገድ አበጅተዋል፤ መብራት የሌለው ሞተር ብስክሌት ምርመራውን ካለፈ በቀን ብርሃን ብቻ እንዲሄድ ይፈቅዱለታል።

የካሊፎርኒያ ሕግ ጨካኝ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ቅን ሕግ ነው። ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የሚያገኘውንና የማያገኘውን ያውቃል። ክፉው ነገር ሕጉን ለመሸሽ የሚደረገው ብልሃት ነው። በአንዱ ግዛት እየኖረ በሌላው ግዛት አድራሻ አለኝ ብሎ ታርጋ የሚያወጣ ሰው ብዙ ቀን በሰላም ሊነዳ ይችላል። አንድ ቀን ሰው የገጨ እንደ ሆነ ግን፣ ኢንሹራንስ ሰጪው አድራሻው ሐሰት መሆኑን ሲያገኝ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ የሆስፒታሉ ዕዳ በነጂው ራስ ላይ ይወድቃል፤ ተገጪውም ካሣውን ከድሃ ተማሪ ኪስ ይጠብቃል። በመብራትና በማርሚታ የሚቀለድ ሰው በዚህ አይቀልድ።

አሁን ታርጋው ተገኘ እንበል፤ ወደ ረጅሙ መንገድ እንመለስ። እዚህ ላይ የጉግሱ ፈረስ ጠባይ ይገለጣል። የውድድር ሞተር አገልግሎቱ የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር አይደለም፤ በሰዓት ነው። የኦስትሪያው ኬ ቲ ኤም ኩባንያ ለአንዳንድ የሜዳ ሞተሮቹ ዘይት በየ15 ሰዓቱ እንዲለወጥ ያዝዛል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ይህ 900 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በእንዲህ ያለ ሞተር ድንበር የደረሰ መንገደኛ በማግሥቱ ዘይት የሚለውጥበት ቦታ መፈለግ አለበት። ዲ አር ዜድ በዚህ በኩል የተሻለ ትዕግሥት አለው። የእርሱ ችግር ሆዱ ነው፤ ታንኩ 10 ሊትር ገደማ ብቻ ስለሚይዝ፣ በሊትር 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በ200 ኪሎ ሜትር ውስጥ ማደያ ሊያገኝ ይገባዋል። ብዙዎች ሰፊ የፕላስቲክ ታንክ የሚያስገቡለት ስለዚህ ነው። ማርሹም ለዳገት የታሰበ በመሆኑ አውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ ይጮኻል። በፊተኛው በኩል ካቴናውን የሚስበውን ባለ 14 ጥርስ ክብ ብረት በባለ 15 ቢለውጡት፣ በዚያው ፍጥነት የሞተሩ ዙር ከመቶ 7 እጅ ያህል ይቀንሳል። ዋጋው ጥቂት፣ እፎይታው ብዙ ነው።

ስለ ጭነት ከሁሉ ይልቅ ጠንቃቃ መሆን ይገባል። ከመቀመጫው በታች ያለው የኋለኛው ብረት በሜዳ ሞተር ብስክሌት ላይ መቀመጫውንና የኋላ ጭቃ መከላከያውን ብቻ እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሁለት የብረት ሣጥን፣ ድንኳንና ምድጃ ተጭኖበት በኮረኮንች መንገድ ሲንገጫገጭ ይሰነጠቃል። እግር በሣጥኑና በመሬቱ መካከል ሲያዝ ደግሞ የሚሰነጠቀው ሌላ ነው። ከሸራ የተሰፋ ኮሮጆ ቢቀደድ መርፌና ክር ይበቃዋል። ከመሣሪያም በኩል ለዚያው ብስክሌት የሚሆኑ መፍቻዎች፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጎማ ማውለቂያ ሁለት ብረት፣ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ልጣፊና የእጅ ፓምፕ ከተያዘ ብዙ ነው። ጎሚስታ በሌለበት በረሃ ጎማ ማውለቅን መማር ይከብዳልና፣ ተጓዡ አስቀድሞ በቤቱ ደጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞክረው።

ከባድና ግዙፍ ሞተር ብስክሌት ለሩቅ አገር የግድ አለመሆኑን ያሳዩ ሰዎች አሉ። በ1995 ከለንደን የተነሡት የሞንዶ ኤንዱሮ ጓደኛሞች ዓለምን ሲዞሩ የነዱት ባለ 350 ሲ.ሲ. ሱዙኪ ነበር። እንግሊዛዊቷ ሎይስ ፕራይስም ከለንደን ኬፕ ታውን የወረደችው ቲ ቲ አር 250 በምትባል ያማሃ ነው። ይህች ሴት በ2008 ስለ ጉዞዋ ላሳተመችው መጽሐፍ በሰጠችው ርእስ ላይ አስቀድማ የጠቀሰችው አሸዋውን ወይም በረሃውን አይደለም፤ የመሥሪያ ቤቶችን የወረቀት ውጣ ውረድ ነው። በእርግጥም ወረቀቱና ጉዞው የሚገናኙት በድንበር ላይ ነው። ግብፅና ኬንያን የመሰሉ አገሮች ከመንገደኛው ካርኔ የሚባለውን የጉምሩክ ደብተር ይጠይቃሉ። ደብተሩ ብስክሌቱ ተመልሶ እንደሚወጣ ዋስትና ነው፤ ሲገባ ይታተማል፣ ሲወጣ ይታተማል፣ በመካከሉ ቢሸጥ ባለቤቱ ቀረጡን ይከፍላል። በደብተሩ ላይ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ተጽፏል፤ ያም የሚገለበጠው ከሊብሬው ነው። ሊብሬ የሌለው ካርኔ የለውም። የሜዳ ብስክሌት ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ያለ ወረቀት የሚሸጥ፣ ሞተሩም በሌላ ሞተር የሚተካ በመሆኑ፣ ብረቱ ላይ ያለው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አልስማማ ይላል። በአገሩ ፖሊስ ያላየበትን ይህን ጉድለት የጉምሩክ ሠራተኛው ያይበታል።

ከሞያሌ ማዶ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሞተረኞች መቅሠፍት እየተባለ ይነገርለት ነበር፤ ዛሬ አስፋልት ለብሷል። በዚያ መንገድ አሞርዛተራቸውን የሰበሩ ሰዎች የጻፉትን አንብቦ ትርፍ አሞርዛተር የሚሸከም ተጓዥ ካለ፣ ኪሎውን ለውኃ ቢያውለው ይሻላል።

ከመነሣቱ በፊት ግን አንድ ቀን ጓዙን ሁሉ እንደ ጉዞው ቀን ጭኖ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ደርሶ ይመለስ፤ ግማሹም መንገድ አስፋልት ያልሆነ ይሁን። ማታ ሲገባ ዕቃውን ሳያወርድ መፍቻውን ይዞ ከፊት ቸርኬ እስከ ኋላው ያለውን ቡሎን ሁሉ ይነካካ፤ የላላውን ያጥብቅ፤ የታርጋውን ማሰሪያና የኋላውን መብራት በተለይ ይመልከት፣ በንቅናቄ ብዛት ቀድመው የሚወድቁት እነርሱ ናቸውና። ሳይከፈት የተመለሰውንም ኮሮጆ እቤቱ ይተወው።