ክብሪቱ ከመጫሩ በፊት

በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነድ፣ የአካባቢው ሰው ባዶ እጁን ነበር ገደሉን የወጣው። እርጥብ ቅርንጫፍ ቆርጦ ነበልባሉን መደብደብ፣ አፈር መበተን፤ መሣሪያው ይኸው ነው። ጠፋ ሲባል በጓሳው ሣር ውስጥ አድፍጦ የቆየው ፍም ነፋስ ሲያገኝ እንደገና ይነሣል። በመጨረሻ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእሥራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ከወጣ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር።

በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የተነሣው ደግሞ ከዚህም የከፋ ነበር። ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ ነደደ። ተማሪና ወታደር ዘመተ፤ የውጭ ባለሙያም መጣ። ያም ሆኖ ዝናቡ ባይደርስ ኖሮ መከራው ይረዝም ነበር።

እነዚህን እሳቶች ሰማይ አላወረዳቸውም። ማሳ የሚመነጥር፣ ከሰል የሚያከስል፣ በችቦ ጭስ ማር የሚቆርጥ፣ ለከብቱ አዲስ ሣር እንዲበቅል የሚያቃጥል ሰው አለ። አብዛኛው ደን አጥፊ ሳይሆን ኑሮውን የሚገፋ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 542 በእሳት ደን የሚያወድምን ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1065 ተተካ። ቅጣት አስፈላጊ ነው። ግን የሚደርሰው ደኑ አመድ ከሆነ በኋላ ነው።

የባሌ አርብቶ አደር አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ በየተራ፣ ቦታ እየለየ የማቃጠል የቆየ ልማድ አለው። በቅርብ የነደደ አስታ ለዓመታት ቶሎ ስለማይያዝ፣ ከጎኑ የሚመጣውን እሳት ይገታል። ይህን ዕውቀት በደፈናው «ክልክል ነው» ብሎ መዝጋት ጉዳት አለው ብዬ አምናለሁ። የተከለከለ ሰው ማቃጠሉን አይተውም፤ ተደብቆ ይለኩሳል፣ እሳቱ ሲያመልጠውም ጎረቤት አይጠራም፣ ይሸሻል።

ስለዚህ ደንቡ ቀበሌ መድረስ አለበት። ሊያቃጥል የፈለገ አስቀድሞ ያሳውቅ፤ ነፋስ በበረታበት ቀን ማንም አይለኩስ። ዙሪያውን እስከ አፈሩ ድረስ መንጥሮ መስመር ያውጣ፤ ጎረቤት፣ አካፋና ውኃ በአጠገቡ ይኑሩ። ከሰል አክሳዩም ማር ቆራጩም ፍሙ ላይ አፈር ሳይመልስ፣ አመዱን በእጁ ዳስሶ መብረዱን ሳያረጋግጥ ከቦታው አይሂድ። ለዚህ ሁሉ ሄሊኮፕተር አያስፈልግም።

የቀበሌ ሹሞችና የልማት ሠራተኞች ሆይ፣ ይህን ውይይት በጋው ሳይገባ፣ ኅዳር ላይ ጀምሩት፤ መጋቢት ከደረሰ ዘግይታችኋል።