የ«ዶሮ» ዘር ከየት ነው? የአማርኛ ቃላትና የአገው ቋንቋዎች

አማርኛ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ ብዙ የኑሮ ቃላቱን ግን ከኩሽ ቋንቋዎች፣ በተለይ ከአገው፣ እንደወሰደ ይታመናል። የአገው ቋንቋዎች አራት ናቸው፦ በከረን ብሊን፣ በዋግ ኽምራ ኽምጣኛ፣ በአዊ አዊኛ፣ በጎንደር በኩል ሊጠፋ የተቃረበው ቅማንትኛ።

የቃል ምንጭ ፍለጋ የሚጀምረው ቃሉ ባሕር ማዶ ባሉት ሴማውያን ቋንቋዎች መኖር አለመኖሩን በማየት ነው። «ዐይን» በዐረብኛም በዕብራይስጥም አለ፤ ክርክር የለውም። «ዶሮ» ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈታም። ዐረቡ «ደጃጅ» ይላል። በግእዝ «ዶርሆ»፣ በትግርኛ «ደርሆ»፣ በብሊን ደግሞ «ድርዋ» ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ግእዝ ውስጥ ካለማ ከግእዝ የመጣ ነው» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ቃልን ቀድሞ የጻፈ ሁሉ ቀድሞ የተናገረው አይደለም። አገው በግእዝ ዘመን አይጻፍም ነበር፤ ብራና አለመኖሩ ባለቤትነቱን አያስቀረውም። በሌላ በኩል «ከአገው ነው» የሚል ሰውም የግእዙ «ሆ» ከየት እንደመጣ ማስረዳት አለበት፤ ድምፅ ያለ ምክንያት አይበቅልም። ዶሮዋ ራሷም እንግዳ ናት። የተገራችው በእስያ ነው፤ ትግራይ ውስጥ መዝበር በተባለ ስፍራ የተገኘው አጥንቷ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 8ኛው መቶ ዓመት ይደርሳል። እንግዳ እንስሳ ስሙን ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ግእዝም አገውም ከሦስተኛ ወገን ሰምተውት ይሆናል።

«ጨው»ም እንዲሁ ነው። ግእዙ «ጼው» ሲል ዐረቡ «ሚልሕ»፣ ዕብራይስጡ «ሜላሕ» ይላል። የዋግ ኽምራዋ ሰቆጣ ከአፋር በረሃ የሚመጣ የአሞሌ ጨው ገበያ ስለነበረች ቃሉም እዚያ ተወለደ ማለት ግን ችኮላ ነው፤ ገበያ ዕቃ እንጂ ዘር አይመሰክርም።

ኦስትሪያዊው ሌዎ ራይኒሽ የኽምጣኛን ጥናት ያሳተመው በ1884 እ.ኤ.አ. ነበር። ዴቪድ አፕልያርድ የአገው ቋንቋዎችን የንጽጽር መዝገበ ቃላት ያወጣው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ታትሟል። ሦስቱን ጎን ለጎን ሳይከፍቱ ስለ ቃል ዘር መፍረድ ወሬ ነው።

በዋግ ኽምራ፣ በኒሯቅና በሰቆጣ ዙሪያ፣ ቃል የሚሰበስብ ሰው የሰማውን በግእዝ ሆሄ ሳያቃና፣ እንደተነገረው፣ ከቀበሌውና ከተናጋሪው ዕድሜ ጋር ይጻፍ።