የአያቴ ድሪቶና የሲኒ ማስቀመጫዎቼ

አያቴ አንድ የተጣጣፈ ብርድ ልብስ ነበራት። እንግዳ እየመጣ ነው ሲባል ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ቀድማ የምታነሣው እሱን ነበር፤ አጣጥፋ አልጋ ሥር ትወሽቀዋለች። «ድሪቶ ነው፣ ሰው ፊት አይወጣም» ትለን ነበር። እንግዳው ከሄደ በኋላ ግን መልሳ ታወጣውና እኛን ልጆቹን የምታለብሰን እሱኑ ነው። ከሱቅ ከተገዛው ብርድ ልብስ ይልቅ የሚሞቀው እሱ ነበር። አንዱ ጥግ የአጎቴ የተማሪ ቤት ካኪ ነው፣ መሃሉ የእናቴ የልጅነት ቀሚስ፣ ዳር ዳሩ ደግሞ አቡጀዲ። መብራት ከጠፋ በኋላ በጣቴ እየዳሰስኩ የእያንዳንዱን ቁራጭ ባለቤት እለይ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ባለፈው ሳምንት የለጠፍኳቸውን የሲኒ ማስቀመጫዎች አይታችሁ «እንዴት ነው የሚሰፋው? ጨርቁንስ ከየት ታመጫለሽ?» ብላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ነው። አሠራሩን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ። ግን አስቀድሜ ይህን ልበል፤ የምሠራው አያቴ የደበቀችውን ሥራ ነው። እሷ እንግዳ እንዳያየው አልጋ ሥር የከተተችውን እኔ እንግዳ ሲመጣ ከሲኒው ሥር አነጥፈዋለሁ።

ጨርቁ አይገዛም። በየሰፈሩ ልብስ ሰፊ አለ፤ በየልብስ ሰፊው እግር ሥር ደግሞ ቁርጥራጭ የሞላው ማዳበሪያ አለ። የእኛ ሰፈሩ ጋሼ ድሮ መከዳ ለሚሞሉ ሰዎች ይሰጠው ነበር፤ አሁን ዐርብ ዐርብ ማታ ለእኔ ያስቀምጥልኛል። ወደ ሽሮ ሜዳ ከወጣችሁ የሐበሻ ቀሚስ ከሚሰፉት ዘንድ የጥለት ቁራጭ ታገኛላችሁ፤ ሁለት ጣት ወርድ እንኳ ቢሆን አትናቁት። ሳትጠይቁ ግን አትውሰዱ። ሰፊው ለኪስና ለገበር ብሎ የሚያስቀምጠው ቁራጭ አለ፣ እሱ ገንዘቡ ነው። ሠርታችሁ ስትጨርሱም አንድ ሁለቱን ይዛችሁለት ሂዱ፤ ከእግሩ ሥር የጣለው ነገር ምን እንደሆነ ይይ።

ከማዳበሪያው የሚወጣ ሁሉ ግን አይሆንም። የሚፈለገው ጥጥ ነው። ለመለየት ከቁራጩ ዳር ሁለት ሦስት ክር መዛችሁ በክብሪት አቃጥሉ፤ ውኃ አጠገባችሁ ይሁን። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ግን ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድ እንደ ዶቃ የጠጠረ ነገር ይተዋል። ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ከከሰል ላይ አሁን የወረደ ጀበና ፖሊስተር ላይ ካሳረፋችሁት ጨርቁ ቀልጦ ከጀበናው ሥር ይጣበቃል። ደርሶብኛል፤ ሸክላው ላይ ያለው ጥቁር ምልክት እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ሁለተኛው ፈተና ውኃ ነው። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ቀለም ይለቃል። ቁራጩን አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ ላይ ጫን አድርጉት፤ ነጩን ካቀለመው ደጋግማችሁ እጠቡት፣ እምቢ ካለ ተዉት። ጥጥ ደግሞ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ሳይታጠብ ከተሰፋ በኋላ አንዱ ቁራጭ ይሰበሰብና ሌላው ባለበት ይቀራል፤ ማስቀመጫው ይንጋደዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉም ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ በካውያ ይተኮስ።

አሁን ወደ መሃሉ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወፈር እንዲል ብለው ስፖንጅ ይከቱበታል። የእኛ ሲኒ ጆሮ የለውም፣ ሥሩም ጠባብ ነው፤ ስፖንጅ ላይ ሲቀመጥ ያዘነብላል፣ ቡናው ይደፋል። እኔ የምጠቀመው ያረጀ ጋቢ ነው። ጋቢ ሲሠራ ጀምሮ አራት እጥፍ የሆነ ጥጥ ነው፤ ሙቀት ይይዛል፣ የፈሰሰውን ይመጥጣል፣ ካውያም አይፈራም። የሳሳ ጋቢ በየቤቱ አለ፤ ለልብስ ባይሆን ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ከወፈረባችሁ ሁለቱን እጥፍ ብቻ ተጠቀሙ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰፉት ባለ አራት ቁራጭ ይሁን። ካርቶን ላይ ጎኑ 6.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ለኩና ቁረጡ፤ ይህ ልካችሁ ነው። በደረቀ የሳሙና ስባሪ ጨርቁ ላይ ዙሪያውን አስምሩ። ልብስ ሰፊዎች በሳሙና የሚያሰምሩት ሲታጠብ ምንም ስለማይተው ነው። መቀሱ ጨርቅ ብቻ የሚቆርጥ ይሁን፤ ወረቀት የለመደ መቀስ ጨርቅ ያኝካል። አራቱን ቁራጭ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ስፉ፣ ከዚያ ሁለቱን ጥንድ አጋጥሙ። የስፌቱ ትርፍ በሁሉም በኩል 7.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ልክ ከጠበቃችሁ የተጋጠመው ፊት 11.5 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ ዙሪያው ተሰፍቶ ሲገለበጥ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሲንጀር ያላችሁ ስፌቱን ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር አሳጥሩት። መኪና የሌላችሁ በእጅ ስፉት፤ አያቴ መኪና ነክታ አታውቅም።

በእያንዳንዱ ስፌት መሃል ካውያ አሳርፉበት። አትጎትቱት፣ ጨርቁን ያጣምማል፤ ከላይ ጫን አድርጋችሁ አንሡት። ትርፉን ወደ ጠቆረው ጨርቅ በኩል አስተኙት፤ አለዚያ ከነጣው ሥር ጥላ ሆኖ ይታያል።

ከዚያ ሦስቱን ደርቡ። ከታች ጋቢው፣ በእሱ ላይ የጀርባው ጨርቅ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ በመጨረሻ የተጋጠመው ፊት ወደ ታች ተደፍቶ። በስፒል ያዟቸውና ዙሪያውን ስፉ፤ ከአንድ ጎን ብቻ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉ። አራቱን ጥግ ክሩን ሳትነኩ በሰያፍ ቁረጡ፣ ከጥግ ጥጉ የጋቢውን ትርፍ ቀንሱ፤ ጥጉ ሹል ሆኖ የሚወጣው በዚህ ነው። በቀዳዳው ገልብጡት፣ ጥጉን በኪሮሽ ጫፍ ገፋ አድርጉት፣ ክፍቱን በእጅ ቀምቅሙት።

የመጨረሻው ሥራ ከሁሉ የምወደው ነው። ሦስቱን ድርብ ዘልቆ የሚያያይዝ ስፌት ከላይ ይሄድበታል፤ ፈረንጆቹ ኩዊልት የሚሉት ሥራ ይሄ ነው። መርፌውን ወጣ ገባ እያደረጋችሁ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት መስመር ብታስኬዱ እንኳ ይበቃል። ጌጥ ይመስላል እንጂ የቆመው ለሌላ ነው፤ ያለ እሱ ሲታጠብ መሃሉ ይሸሽና አንድ ጥግ ላይ ይከማቻል። መስመሩ በቀረበ መጠን ማስቀመጫው ይጠነክራል፣ ሲኒውም ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ብቻ። ሰው የሚጨነቀው ቀዩ ከቢጫው ይሄዳል ወይ ብሎ ነው። እኔ የማየው የትኛው ፈካ፣ የትኛው ጠቆረ የሚለውን ነው። ቁራጮቹን ደርድራችሁ በስልክ በጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሷቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነ ሥራው ደብዛዛ ይሆናል፤ ግማሹን ቀይሩ።

እጃችሁ ሲፈታ አሜሪካኖች የግንድ ቤት የሚሉትን ስፉ። ሁሉንም ጨርቅ በ3.5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ቁረጡ። መሃል ላይ አንድ ትንሽ አራት ማዕዘን ይቀመጣል፤ በዙሪያው ረጃጅም ቁራጭ በተራ በተራ እየተሰፋ ሁለት ዙር ይዞራል። ሲያልቅ ያው 10 ሴንቲ ሜትር ነው። በልማድ መሃሉ ቀይ ነው፤ የቤቱ ምድጃ ነው ይሉታል። ጥለት የማስገባው እዚህ ውስጥ ነው። ጥለት ግን ዳሩ ቶሎ ይተረተራል፤ ሳትሰፉት በፊት ከጀርባው ስስ አቡጀዲ ደርባችሁ ያዙት።

ስጦታ የሚሆነውን ብዛት ከጠየቃችሁኝ ስድስት እላለሁ። አራስ ስትጠይቁ፣ ልጅ ሲመረቅ፣ አዲስ ቤት ሲገባ። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ላለ ዘመድ የሚላክ ከሆነም ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን ሻንጣ ውስጥ ምንም አይከብድም። በዚያው ጨርቅ የድስት መያዣ፣ የመርፌ መሰኪያ፣ የመጽሐፍ ዕልባት ይወጣል። ክብ አድርጋችሁ ብታወፍሩት ደግሞ ለጀበናው ማቶት ይሆናል።

አምና አንዲት ጓደኛዬ የሟች አባቷን አምስት ሸሚዞች ይዛልኝ መጣች። እሷና እኅት ወንድሞቿ ስድስት ናቸው። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ማስቀመጫ ሰፋሁ፤ በሁሉም ውስጥ አምስቱም ሸሚዝ አለ። መቀሱን መጀመሪያ የኮሌታው ሥር ሳሳርፍ እጄ ተንቀጥቅጧል። ከዚያ ወዲህ ግን ይህ ሥራ ትርፍ ጨርቅ ማዳን ብቻ አይመስለኝም።

ከሟች ልብስ የሰፋን እኛ ብቻ አይደለንም። በአሜሪካ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል፣ ወንዝ ዞሮ የከበባት መንደር አለች። ነዋሪዎቿ በባርነት እርሻ ይሠሩ የነበሩ ጥቁሮች የልጅ ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የሚጠሩበት ፔትዌይ የሚለው ስም የእርሻው ጌታ ስም ነው። ሴቶቹ ለልጆቻቸው ከብርድ መከላከያ ያረጀ የሥራ ልብስ እየቀደዱ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች እናት ባሏ ሲሞት በ1942 እ.ኤ.አ. የሥራ ልብሶቹን ሁሉ ቀድዳ አንድ ብርድ ልብስ አደረገቻቸው፤ እሱን ለማስታወስ፣ ከሥሩም ለመተኛት። በ1966 በዚያው አካባቢ የሰፊ ሴቶች ማኅበር ተቋቋመ። በ1972 ሲርስ ለተባለው ትልቅ የንግድ ድርጅት የኮርዶሮይ ትራስ ልብስ ለመስፋት ተዋዋሉ፤ የተረፈውን ኮርዶሮይ ሴቶቹ ወደ ቤታቸው ወስደው ለራሳቸው ብርድ ልብስ ሰፉበት። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ የመንደሯ ሴቶች የሰፏቸው ብርድ ልብሶች በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት አሥሩን በቴምብር አወጣቸው።

ፎቶዎቻቸውን መጀመሪያ ያየሁ ቀን አለቀስኩ። ካኪው፣ የተላጠው ጉልበት፣ ኪሱ ተነሥቶ ሳይደበዝዝ የቀረው ቦታ፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ። እኛ ቤት አልጋ ሥር ነበር።

አያቴ ስታርፍ ያ ብርድ ልብስ የት እንደገባ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። በእናንተ ቤት ግን ምናልባት ዛሬም አለ፤ ቁም ሳጥን ላይ፣ ማዳበሪያ ውስጥ፣ አልጋ ሥር። አውጡት፣ ፀሐይ ላይ ዘርጉት፣ የሰፋችው እናት በሕይወት ካለች አጠገቧ ተቀምጣችሁ ይህ ቁራጭ የማን ነበር፣ ይህስ የማን እያላችሁ ጠይቋትና የነገረቻችሁን ጻፉ። ፎቶውንም ላኩልኝ፤ ፈቃዳችሁ ከሆነ እዚህ እለጥፈዋለሁ።