ጣና ዳር ማደር

ባሕር ዳር ደርሳችሁ መጥታችሁ «ጣናን አየነው» ስትሉኝ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አደራችሁበት? ከተማ ውስጥ ሆቴል ማለቴ አይደለም። ዘጌ ወይም ሌላ ዳርቻ ላይ፣ ድንኳን ተክላችሁ፣ ውሃው እየተሰማችሁ ማለቴ ነው። ጣና በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ሐይቅ ነውና። ጎህ ሲቀድ እንደ ዘይት የረጋ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጀልባ የሚያንገላታ፣ ልብስ የሚያርስ ሌላ ውሃ ይሆናል። ቁርሱን ተዝናንቶ በልቶ 4 ሰዓት ላይ የሚነሳ እንግዳ የመጀመሪያውን ሳያየው ይመለሳል።

ነገሩ ምስጢር የለውም። የብስ በፀሐይ ቶሎ ይግላል፣ ውሃ ይዘገያል። ረፋዱ ላይ ምድሩ ሲሞቅ በላዩ ያለው አየር ቀሎ ሽቅብ ይወጣል፤ ቦታውን ሊሞላ ከሐይቁ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ይመጣል። ማታ ይገለበጣል፤ ምድሩ ቶሎ ይበርዳል፣ ውሃው ሙቀቱን ይዞ ያድራል። ጣና ደግሞ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 15 ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ ሳይከለከል ረጅም መንገድ ይሮጣል፣ በዚያ ጥልቀት ላይ የሚያስነሳው ማዕበልም አጭርና ተከታታይ ነው፤ አንዱን ሳትጨርሱት ሌላው ይመታችኋል። የጀልባ ነጂው «በጊዜ እንመለስ» ሲላችሁ አትከራከሩት። ላይፍ ጃኬታችሁንም ከመቀመጫ ሥር አታስቀምጡት፤ ልበሱት።

ሐይቁ ራሱ እንዴት እዚያ ተቀመጠ? ይህን ስሰማ በጣም ነው የተደነቅኩት። በደቡብ በኩል የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ድንጋይ የውሃውን መውጫ ዘግቶ እንደ ግድብ ያዘው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ የምታዩት ጢስ ዓባይም ዓባይ ከዚሁ ጥቁር ድንጋይ ላይ ሲወረወር ነው። ሐይቁን ያቆመውና ፏፏቴውን ያስዘለለው አንድ ዓይነት ድንጋይ ነው! ከሐይቁ ወለል ተቆፍሮ የወጣ ደለል ደግሞ ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ እንደነበር ይመሰክራል።

ዩኔስኮ ጣናንና ዙሪያውን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አጥር፣ በር፣ ቲኬት ቆራጭ ያለው ፓርክ ይመስለዋል። አይደለም። ባዮስፌር ሪዘርቭ ሰው የሚኖርበት፣ የሚያርስበት፣ ዓሣ የሚያጠምድበት ጥብቅ ቦታ ነው፤ ውስጡ እንዳይነካ የሚጠበቅ እምብርት አለው፣ ዙሪያውን ደግሞ ሕዝቡ ይኖርበታል። ስለዚህ ድንኳን የምትተክሉበት ሣር የአንድ ሰው ጓሮ ወይም የደብር ይዞታ ነው። ሳትጠይቁ አትትከሉ። እንደ ድሮው መንገደኛ «ቤት ለእንግዳ» ብላችሁ ብትጀምሩ የምታገኙት ፈገግታ ሌላ ነው። የማደሪያውን ዋጋ ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ማታ ቡና ሲፈላም አብራችሁ ቁጭ በሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምታድሩ ከሆነ ምርጫዬ ዘጌ ነው። በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ትሄዳላችሁ። በመንገድ ላይ የደሴት ገዳማቱን እንጦስ ኢየሱስንና ክብራን ገብርኤልን ታልፋላችሁ፤ ክብራን ሴት አይገባበትም፣ የዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሁላችሁንም ትቀበላለች፤ የመቅደሷን ግድግዳ የሸፈነውን ሥዕል ሳትቸኩሉ ዙሩት። እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን ከደጇ የሚጀምረው ጫካ ነው። ዘጌ ላይ በበሬ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። ባህሉን የአገሬው ሰው የዘጌ ገዳም መሥራች ከሚላቸው ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ጋር ያያይዘዋል። ማረሻ ያልነካው አፈር ዛፉን አቆየ፣ ዛፉ ጥላ ሆነ፣ በጥላው ሥር ቡና በቀለ። ዙሪያው ሲራቆት ይህ ልሳነ ምድር አረንጓዴ ሆኖ የቀረው እንዲህ ነው። በእግር መንገዱ ላይ ስትሄዱ ከላያችሁ ትልቅ ጨርቅ የሚራገፍ የመሰለ ድምፅ ከሰማችሁ ቀና በሉ፤ ግዙፍ ምንቃር ያለው ጥቁርና ነጭ ወፍ ነው፣ ክንፉ ሲመታ ከሩቅ ይሰማል። ማገዶ ግን ከዚህ ጫካ አትልቀሙ። ትንሽ ቡታጋዝ ያዙ።

ድንኳኑን ውሃው ጠርዝ ላይ አትትከሉት። ጉማሬ ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ የሚመላለስበትም የራሱ መንገድ አለው። በተለይ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል፣ ደንገሉ መሃል ተጠቅጥቆ እንደ ቦይ የተከፈተ መተላለፊያ ካያችሁ በሩ እሱ ነው፤ ራቁለት። ሌሊት ለሽንት ስትወጡም ያለ ባትሪ አትውጡ። የወባ ትንኝ ስላለ አጎበር የግድ ነው፣ ጋቢም አይቅር፤ ቦታው ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ሌላው መዋኘት ነው። ውሃው ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ዳርቻው ላይ፣ ሣር ባለበት ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ቀንድ አውጦች የቢልሃርዚያን ትል ያሳድጋሉ፤ ትሉ ቆዳ በስቶ ይገባል። እባካችሁ እግራችሁንም አትንከሩ።

ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ይሻላል፤ ክረምቱ አልፏል፣ ምድሩ ገና አልደረቀም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ስላለ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ደውላችሁ የመንገዱንና የሐይቁን ሁኔታ ጠይቁ። «ዛሬ አይሆንም» ካሏችሁ ተውት። በእንግዳ የሚተዳደሩት የጀልባ ነጂዎች እናንተን ለማየት ቢናፍቁም እውነቱን ይነግሯችኋል።

ካደራችሁ በኋላ ሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። ከደብሩ ቅዳሴው ይሰማል፣ ውሃው ላይ ጭጋግ ተኝቷል። ከጭጋጉ ውስጥ መጀመሪያ የምትሰሙት የመቅዘፊያ ጠብታ ነው፣ ከዚያ ታንኳው ይወጣል። ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ አንድም ምስማር የለውም። የደረቀ ደንገል ነው፣ በእቅፍ በእቅፍ ታስሮ አፍንጫው ወደ ላይ የተቀለበሰ። የነገደ ወይጦ ሰዎች በዚህ እጅ ሥራ የታወቁ ናቸው። የደንገል አገዳ ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ግን ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል። ስለዚህ ዓሣ አጥማጁ ቆሮሶውንና አምባዛውን ካወረደ በኋላ ታንኳውን ብቻውን ጎትቶ ያወጣዋል፣ ፀሐይ እንዲያገኘው ዛፍ ላይ ያስደግፈዋል። ከሥሩ ውሃው ለረጅም ጊዜ ይንጠባጠባል። እናንተም ሁለተኛውን የቡና ሲኒ ስትጨርሱ፣ 3 ሰዓት ገደማ፣ በረጋው ሐይቅ ላይ ከሩቅ አንድ ጠቆር ያለ መስመር እየሰፋ ይመጣል፦ የዕለቱ የመጀመሪያ ነፋስ።