መጥፎዋን ምት አታሰርዟት

ድራይቨር የሚባለውን የጎልፍ ዱላ ሊሞክር ወደ ሱቃችን የሚመጣ አማተር ተጫዋች ኳሷን አጥርቶ ሲመታት ፊቱን ምቶቹን ወደሚመዘግበው ማሽን ማሳያ ያዞራል፤ ሲስታት ወደ እኔ። ወደ እኔ የሚዞረው ያቺ ምት ከመዝገብ እንድትወጣለት ፈልጎ ነው። አንዳንዱ ያፍራል፣ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ዱላውን እንደ ጥፋተኛ አገላብጦ ያየዋል። ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ አንድ ደንበኛዬ ግን ምንም አልተግደረደሩም። "አንተ ልጅ፣ ያቺን ሰርዛት እንጂ! እግሬን አዳልጦኝ ነው" አሉኝ። "ጋሼ፣ እዚህ ምንጣፍ ላይ ደግሞ ምን ያዳልጣል?" ብላቸው፣ "ዕድሜ ያዳልጣል" አሉና ሳቁ።

ሥራዬ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ለተጫዋቾች የሚስማማቸውን የጎልፍ ዱላ ለክቶ መምረጥ ነው። በትርፍ ጊዜዬ እኔም እጫወታለሁ፤ ከአማተርነት የማያልፍ ጨዋታ። ሰው ከሁሉም ዱላ አብልጦ የሚጨነቅለት ድራይቨር ነው። ከቦርሳው ውስጥ ረጅሙ፣ ጭንቅላቱ ትልቁ፣ ዋጋውም ውዱ እሱ ነው፤ አዲስ ሲወጣ ወደ 600 ዶላር ይጠጋል። ፋብሪካዎቹ ለእኛ ቢጤው የሚያቀርቡት ዋና ማባበያም አንድ ነው፤ ይህ ድራይቨር ይቅር ባይ ነው ይላሉ። ኳሷን መሃል ፊቱ ላይ ባታገኟት እንኳ ብዙ አይቀጣችሁም ማለታቸው ነው።

ይቅር ባይነቱ የሚታወቀው ታዲያ ሲበደል አይደለም? እኛ ግን ጥሩ ጥሩዎቹን ምቶች እንለቅምና መጥፎዎቹን ሰርዘን በቀሩት አማካይ ዱላ እንገዛለን። ማሽኑም ይተባበረናል። ራዳር ወይም ካሜራ ያለው ላውንች ሞኒተር የዱላውንና የኳሷን ፍጥነት፣ የአነሣሷን ዲግሪ፣ ሽክርክሪቷን ይመዘግባል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዷን ምት በጣት ነካ ማድረግ ከአማካዩ ለማስወጣት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ያምራል፤ ቁጥሩ ሲያምር ደግሞ ኪስ ይከፈታል።

ይህ አካሄድ ገንዘብ የሚያስበላበትን ምክንያት ሕጉ ራሱ ይናገራል። የጎልፍን ሕግ የሚያወጡት የአሜሪካው ዩኤስጂኤና የስኮትላንዱ አር ኤንድ ኤ ድራይቨርን ከብዙ ወገን አጥረውታል። የጭንቅላቱ ይዘት ከ460 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ተወስኗል። ፊቱ ኳስ የሚያስፈነጥርበት ኃይልም ልክ አለው። አንዲት ትንሽ የብረት ፔንዱለም ፊቱን ትመታና ፊቱን ነክታ የምትቆይበት ጊዜ በማይክሮሰከንድ ይለካል፤ ጣሪያው 239 ነው፣ ለመለኪያ ልዩነት ከሚፈቀደው 18 ጋር 257። ታዋቂዎቹ ፋብሪካዎች ወደዚህ ጣሪያ ከተጠጉ ቆይተዋል። ስለዚህ መሃሉን ካገኛችሁት የዘንድሮው ድራይቨር ከጥቂት ዓመት በፊት በነበረው ላይ የሚጨምረው ፍጥነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ልዩነቱ ያለው ከመሃል ወጣ ስትሉ ነው። ጥሩ ምቶችን ብቻ የሚያወዳድር ሰው እንግዲህ የሚያወዳድረው ሕግ እኩል ያደረገውን ነገር ነው።

ከመሃል ውጭ ያለው ጉዳይ የፊዚክስ ነው። ኳሷ ወደ ጫፉ ወይም ጭንቅላቱ ወደተሰካበት ዘንግ፣ ወደ ሻፍቱ፣ ጠጋ ብላ ስትመታ ጭንቅላቱን ታሽከረክረዋለች፤ በተሽከረከረ ቁጥር ፍጥነት ይባክናል፣ ፊቱም ይዞራል። በዘንግ ጫፍና ጫፍ ውኃ የሞላ ጀሪካን አንጠልጥሎ የተሸከመ ሰው ቶሎ ልዙር ቢል አይሆንለትም፤ ሁለቱን ጀሪካን ደረቱ ላይ ቢያቅፋቸው ግን በቀላሉ ይዞራል። ክብደቱ ያው ነው፤ የተቀመጠበት ቦታ ነው የተለየው። ድራይቨር ሠሪዎችም 200 ግራም ገደማ ከሚመዝነው ጭንቅላት ላይ፣ አናቱን በካርቦን እየተኩ፣ ፊቱን እያሳሱ፣ ያተረፉትን ግራም ወደ ኋላና ወደ ዳር ያሸሹታል። ይህ አልዞርም ባይነት ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ ይባላል፤ በሱቅ ቋንቋ ኤም ኦ አይ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የዱላ ፋብሪካው የፒንግ መሥራች ካርስተን ሶልሃይም የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ካሊፎርኒያ ውስጥ በቤታቸው ጋራዥ የሠሩት ፓተር፣ ኳስ ወደ ጉድጓድ የሚገፋበት ዱላ፣ ክብደቱን ወደ ሁለቱ ጫፍ የገፋ ነበር። ወደ ድራይቨር እስኪደርስ ግን ጊዜ ወሰደ፤ ክብደት የሚበተንበት ስፋት ያስፈልግ ነበርና። በ1991 ጉድ የተባለለት የካላዌይ ቢግ በርታ ይዘቱ 190 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነበር፤ ከዛሬው ጋር ሲተያይ ከግማሽ በታች።

በ2024 ፒንግ ጂ430 ማክስ 10ኬን፣ ቴይለርሜድ ኪውአይ10 ማክስን ሲያወጡ 10,000 የሚለው ቁጥር ገነነ። ደንበኞችም ቁጥሩን ሸምድደው መጡ። ሕጉ ግን ከላይ ወደ ታች ባለው ዘንግ ዙሪያ ከ5,900 ግራም ካሬ ሴንቲሜትር በላይ አይፈቅድም፤ ለመለኪያ ልዩነት 100 ቢጨመር ነው። ታዲያ 10,000 ከየት መጣ? ሁለት መለኪያ ተደምሮ ነው። አንደኛው ጭንቅላቱ ግራና ቀኝ እንዳይዞር የሚይዘው ነው፣ ሁለተኛው ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይደፋ የሚይዘው፤ ለሁለተኛው ሕጉ ጣሪያ አላበጀለትም። ድምሩ ውሸት አይደለም። ሆኖም 10,000 የሚለውን ሰምቶ ከ5,000ው በእጥፍ ይበልጣል ብሎ የሚያስብ ደንበኛ ስላለ ማስረዳት ግዴታችን ይመስለኛል። የማያስረዳም ሞልቷል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ምታቸውን አልሰረዝኩትም። የእግር ላብ የሚያደርቅ፣ ከቆርቆሮ የሚነፋ ዱቄት አለ፤ በየፋርማሲው ይሸጣል፣ ከእኛ ሥራ ቦታም አይጠፋም። እሱን በስሱ የድራይቨሩ ፊት ላይ ነፋሁበት። ጥቁሩ ፊት ነጭ ይሆናል፤ ኳሷ ያረፈችበት ቦታ ከነጠቃጠቆዋ ክብ ሆኖ ይታተማል። ጥቂት ካስመታኋቸው በኋላ ዱላውን ገልብጬ አሳየኋቸው። ምልክቶቹ አብዛኞቹ ከመሃል ወደ ጫፉ ወጣ፣ ወደ ላይም ከፍ ብለው ተኮልኩለዋል። ያቺ "ሰርዛት" የተባለችው ዓይነት ምትም ከሌሎቹ የተለየች አይደለችም፤ ከመንጋው ግማሽ ጣት ያህል ብትወጣ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩና "ታዲያ የእኔ መሃል እዚህ ነው በለኛ" አሉ። ልክ ናቸው፤ መለካት ያለበትም እዚያ ነው።

ይዘውት የመጡት ድራይቨር ልጃቸው የሰጣቸው ነው። ወጣቱ በኃይል የሚመታ ተጫዋች ነው፤ ዱላውም ክብደቱ ወደ ፊት የተጠጋ፣ የኳስ ሽክርክሪትን ለመቀነስ የተሠራ። ሰፊውን ይቅር ባይ ድራይቨር ሰጥቼ ሁለቱን እያፈራረቁ እንዲመቱ አደረግሁ። ማፈራረቁን የማልተወው ሰው ሰውነቱ እየሞቀ ሲሄድ ስለሚሻሻል ነው፤ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ካለፈ መጨረሻ የያዘው ዱላ ሳይገባው ያሸንፋል። ሲደክማቸውም ቶሎ አላስቆምም፤ 15ኛው ጉድጓድ ላይ የሚቆመው የደከመው ሰው ነውና።

መሃሉን ሲያገኙት የኳሷ ፍጥነት በሁለቱም ከሞላ ጎደል አንድ ነበር፤ እንዲያውም የልጃቸው ድራይቨር በመጠኑ ይበልጥ ነበር። ጫፉ ላይ ሲመቱ ግን የልጃቸው በግልጽ ወደቀ፣ ሰፊው ጥቂት ብቻ ጣለ። በሰዓት አንድ ማይል የኳስ ፍጥነት በግምት ሁለት ያርድ ነውና ቀላል አይምሰላችሁ። እኔ የምመለከተው ከሁሉ የራቀችውን ኳስ አይደለም፤ በረዘመችውና ባጠረችው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አማተርን የሚጎዳው ያ ልዩነት ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚገባው ባጠረችው ነው።

ይቅር የማይባል ጥፋትም አለ። ፊቱ ተከፍቶ ኳስ ላይ ከደረሰ የትኛውም ሰፊ ጭንቅላት አይመልሰውም። ኳሷ ስትነሣ የምትይዘውን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው ፊቱ ነው፤ አምስት ዲግሪ ወደ ቀኝ ከዞረ ኳሷ ምንም ባትጠማዘዝ እንኳ 200 ያርድ ላይ ስትደርስ ከመስመሯ 17 ያርድ ያህል ወጥታለች። ኳሷን ይበልጥ ወደ ቀኝ የሚያጠማዝዘው ስላይስ ሲጨመርበት ዛፍ ሥር ናት። ስላይስ ይዞት ይቅር ባይ ድራይቨር ፍለጋ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው፤ ለእሱ የሚሻለው ክብደቱ ወደ ሻፍቱ በኩል ተጠግቶ የተሠራ ዱላ ነው፣ ካልሆነም አስተማሪ። በእኔ ግምት አስተማሪው ይረክሳል፤ ይህን ስናገር አለቃዬ ባይሰማ ደስ ይለኛል።

በነፃ የሚገኝ ይቅርታ ደግሞ አለ፤ ማሳጠር። ብዙው ድራይቨር 45 ኢንች ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ይሸጣል። ረጅም ዱላ ፍጥነት ይጨምራል፣ ፍጥነት ማሳያው ላይ ያምራል፣ ሱቅም የሚሸጠው ያንን ነው። ታይገር ዉድስ በ2000 ተቀናቃኝ ባጣበት ዓመት የያዘው ድራይቨር ግን 43 ኢንች ተኩል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የምንጫወት ሰዎች ከእሱ በሁለት ኢንች የረዘመ ዱላ ይዘን መሃሉን እናገኛለን ማለታችን ይገርመኛል። ለመሞከር መያዣውን አንድ ኢንች ዝቅ ብሎ መያዝ ነው፤ ዱቄቱ ላይ ያሉት ምልክቶች ወደ መሃል ከተሰበሰቡ ያኔ ይቆረጣል። ሲቆረጥ ጭንቅላቱ ቀለል ብሎ ስለሚሰማ ጥቂት ግራም ይጨመርበታል።

ስለ ሎፍት፣ ፊቱ ወደ ኋላ ስለሚጋደልበት ዲግሪ፣ ብዙ አልልም። 9 ዲግሪ የወንድነት መለኪያ አይደለም፤ ዱላውን በሰዓት 90 ማይል ለሚያወርድ ሰው 10 ተኩል፣ አንዳንዴም 12 ይሻለዋል። አዲስ አበባ ላለ ወንድሙ የሚገዛም ቢሆን "እዚያ አየሩ ስስ ነው፣ ኳስ ራሷ ትሄዳለች" ብሎ ሎፍት አይቀንስ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ኳስ ርቃ መሄዷ፣ ጥምዝዟም መቀነሱ እውነት ነው፤ ግን ያው ስስ አየር ኳሷን ደግፎ አየር ላይ የማቆየት አቅሙም ያንሳል።

ይቅርታውም ዋጋ አለው። ክብደት ወደ ኋላ ሲሄድ ኳሷ ከፍ ብላ ትነሣለች፣ ሽክርክሪቷም ይጨምራል፤ በኃይል ለሚመታ ሰው ይህ ጥቂት ያርድ ያስከፍላል። እንደ ጋሼ ላለው ግን ከፍ ብላ መነሣቷ ራሱ ጥቅም ነው። እሳቸው በመጨረሻ የገዙት የ10,000ውን አይደለም፤ ያለፈውን ዓመት ሰፊ ድራይቨር በቅናሽ ወስደው አስቆረጡት። የልጃቸውንም መለሱለት።

እናንተም ልትሞክሩ ስትሄዱ ያለ አሮጌው ድራይቨራችሁ አትግቡ፤ ኳሱም ሜዳ ላይ የምትመቱት ዓይነት ይሁን። ዱቄት ካላቀረቡላችሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁ ሂዱ፣ ፊቱ ላይ ከመንፋታችሁ በፊት ግን አስፈቅዱ። ስትጨርሱ የሁሉንም ምት ዝርዝር፣ አንድም ሳይጎድል፣ በኢሜይል እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ቤታችሁ ገብታችሁ ያጠሩትን አወዳድሩ፤ 600 ዶላሩን የምታወጡት ከዚያ በኋላ ይሁን።