እንግዳን በአዳር የሚቆጥር መሥሪያ ቤት

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይላሉ የእኛ ሰዎች። ቡታን ውስጥ ግን የውጭ አገር እንግዳ እስኪሄድ ድረስ ወርቅ ነው፤ የጎረቤት አገር ሰው ካልሆነ በቀር ላደረበት ለያንዳንዱ ሌሊት ለመንግሥት 100 ዶላር ይከፍላላ። ይህ ገንዘብ አልጋ አይከራይም፣ ቁርስም አያበላም። የሆቴሉ፣ የመኪናውና የአስጎብኚው ሒሳብ ለብቻው ነው። ስሙ “የዘላቂ ልማት ክፍያ” ሲሆን ሥራውን የሚመራው የቡታን የቱሪዝም መምሪያ ነው። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ልጆች ግማሹን ይከፍላሉ፤ ከዚያ በታች ያሉት በነፃ ይገባሉ።

መቼም የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ሥራው ሰው መጥራት ነው። ማስታወቂያ ያሠራል፣ ባዛር ላይ ድንኳን ይተክላል፣ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ “ይህን ያህል ጎብኚ መጣልን” ብሎ ሪፖርት ያቀርባል። የቡታኑ መምሪያ ይህንን ሁሉ ይሠራል፤ እየጠራም በር ላይ ወንፊት ይዞ ይቆማል። ሁለቱን ሥራ ባንድ እጅ መያዝ ቀላል አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ታሪክም ከሞላ ጎደል የወንፊቱ ቀዳዳ አንዴ ሲጠብ አንዴ ሲሰፋ የኖረበት ታሪክ ነው።

ቡታን በህንድና በቻይና መካከል፣ በሂማላያ ተራሮች ውስጥ የተሸጎጠች፣ ሕዝቧ 800 ሺህ የማይሞላ የቡድሂስት ንጉሣዊ አገር ናት። ለጎብኚ በሯን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1974፣ ወጣቱ ንጉሥ ጂግሜ ሲንግዬ ዋንግቹክ ዘውድ በጫኑበት ዓመት ነው። ለንግሡ በዓል እንግዶች የተሠሩት ማረፊያዎች ከበዓሉ በኋላ ባዶ ከሚቀሩ ለጎብኚ ይዋሉ ተባለ። በዚያ ዓመት የመጡት 287 ሰዎች ነበሩ። አውሮፕላን ስላልነበረ በህንድ በኩል በመኪና ነው የገቡት። የፓሮ አየር ማረፊያ በረራ የጀመረው በ1983 ሲሆን ዛሬም ቢሆን በገደላ ገደሉ መካከል ተጠማዝዞ የሚያርፈው አብራሪ በዓይኑ እያየ፣ በቀን ብርሃን ብቻ ነው። ተፈጥሮም ወንፊቱን አግዛለች ማለት ይቻላል።

ከጅምሩ የተያዘው ፈሊጥ “ጥቂት እንግዳ፣ ብዙ ጥቅም” የሚል ነበር። ለብዙ ዓመታት የተሠራበት ዘዴ ግን ውጭ አገር ሲወራ ተዛብቷል። “ቡታን በቀን 250 ዶላር ቀረጥ ታስከፍላለች” ይባል ነበር። እውነቱ፣ 250ው የጉብኝት ወቅት ዝቅተኛ ተመን ሆኖ አልጋውን፣ ምግቡን፣ መኪናውንና አስጎብኚውን ያጠቃለለ ነበር። ለመንግሥት የሚደርሰው 65 ዶላር ብቻ ነበር። እንደ እኔ ግምት ወሬው መዛባቱ መሥሪያ ቤቱን ብዙም አልጎዳውም፤ ኪሱን የሚፈራውን ሰው ከሩቅ መልሶለታል።

ወንፊቱ ግን በአንድ በኩል ሰፊ ቀዳዳ ነበረበት። የህንድ፣ የባንግላዴሽና የማልዲቭስ ዜጎች ተመኑ አይመለከታቸውም ነበር። በ2019 ወደ ቡታን የገባው ጎብኚ ከ315 ሺህ በላይ ሲደርስ ሦስት አራተኛ ያህሉ የመጣው ከእነዚህ ጎረቤቶች ነው። በወረቀት “ጥቂት እንግዳ” እየተባለ፣ መሬት ላይ የአገሩን ሕዝብ ግማሽ ሊያክል ጥቂት የቀረው ሰው በየዓመቱ ይገባል ማለት ነው። በ2020 ለጎረቤቶቹም የአዳር 1,200 ንጉልትረም የሚያስከፍል ሕግ ወጣ። ንጉልትረም ከህንድ ሩፒ ጋር እኩል የሚመነዘር ገንዘብ ነው። ከህንድ ጋር እንዲህ ተቆራኝቶ ለሚኖር አገር ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣና በሩ ተዘጋ። በመስከረም 2022 ሲከፈት ተመኑ 200 ዶላር ሆኖ ተገኘ፤ የድሮው ጥቅል ቀርቶ፣ 200ውን ለመንግሥት፣ ሌላውን ለየባለቤቱ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያለ ገቢ የቆዩት የሆቴልና የአስጎብኚ ድርጅት ባለቤቶች ክው አሉ። ጎብኚው እንደታሰበው አልመጣም፤ በ2023 የገባው ከ100 ሺህ ጥቂት ቢዘል ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ መምሪያው እንደ ገበያ ሴት ምራቂ መጨመር ጀመረ፦ የአራት ቀን ለከፈለ አራት ቀን ምራቂ፣ የሰባት ቀን ለከፈለ ሰባት ቀን። መስከረም ላይ ምራቂውም ቀረና ተመኑ ራሱ በግማሽ ተቆረጠ። የ100 ዶላሩ ተመን እስከ ነሐሴ 2027 መጨረሻ ድረስ እንዲጸና ነው የተወሰነው።

በዚህ የዋጋ መውጣትና መውረድ የሚስቁ አሉ። እኔ ግን መምሪያው የሚሸጠውን ሳይሆን የማይሸጠውን ሳይ ነው ነገሩ የሚገባኝ። ጋንግካር ፑየንሱም 7,570 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ሰው ጫፉን ረግጦት የማያውቅ፣ በዓለም ረጅሙ ያልተወጣ ተራራ ነው። በ1980ዎቹ የሞከሩት ሳይሳካላቸው ተመለሱ። በ1994 ከ6,000 ሜትር በላይ መውጣት ተከለከለ፤ በ2003 ተራራ መውጣት ጨርሶ ቀረ። የአካባቢው ሰው ጫፎቹ የመናፍስትና የአማልክት ማደሪያ ናቸው ብሎ ስለሚያምን ነው። እዚያው ሂማላያ ላይ ኔፓል ለኤቨረስት ፈቃድ ብቻ ከአንድ ሰው ከ10,000 ዶላር በላይ እንደምትቀበል ያወቀ ሰው፣ ቡታን በየዓመቱ የምትተወው ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል።

ወይም የፎብጂካን ሸለቆ እንይ። ክሬን የሚባሉት ሽመላ መሳይ፣ አንገተ ጥቁር ወፎች የብርዱን ወራት ለማሳለፍ ከቲቤት ደጋ ተነስተው በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር እዚህ ረግረግ ላይ ይወርዳሉ። ሲመጡም ሲሄዱም የጋንግቴን ገዳም ይዞራሉ ይላል የአገሩ ሰው። የሸለቆው ገበሬ ኑሮው ድንች ነው፤ ረግረጉ ቢደርቅለት የድንች ማሳው ይሰፋለታል። ስለዚህ ወፉ ለገበሬው አንዳች ነገር ማምጣት ነበረበት። የአገሩ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ከ1998 ጀምሮ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኅዳር 11 ቀን በገዳሙ ቅጥር ግቢ በዓል ያዘጋጃል፤ የመንደሩ ልጆች ወፍ መስለው ይጨፍራሉ፣ ጎብኚው ይመጣል፣ ከገበሬው ቤት ያድራል። የመብራት ገመዱም ወፎቹ እየበረሩ እንዳይጋጩበት ከመሬት በታች ተቀብሯል። ተመኑ ምን እንደሚገዛ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ ይህንን የሚያክል መልስ ከመምሪያው ብሮሹር ውስጥ አላገኘሁለትም።

በፓሮ ገደል ላይ የተንጠለጠለው ታክሳንግ ገዳምም የራሱ ሥርዓት አለው። በ1692 የተመሠረተው ይህ ገዳም በ1998 ተቃጥሎ እንደገና ታንጿል። መኪና አይደርስበትም፤ በእግር ነው የሚወጣው። በሩ ላይ ቦርሳና ስልክ ይቀመጣል፣ ውስጥ ጫማ ይወልቃል፣ ፎቶ የለም። ጫማውን አውልቆ ቤተ ክርስቲያን ለሚገባ ሐበሻ ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም፤ ስልኩን አስረክቦ መግባቱ ግን ሳይከብደው አይቀርም።

የአዳሩ ክፍያ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል። አገሪቱ ሕክምናና ትምህርት በነፃ ታቀርባለች። የ2008ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ከመሬቷ ቢያንስ 60 በመቶው ለዘለዓለም በደን እንዲሸፈን ያዛል፤ ዛሬ 70 በመቶ ገደማው ደን ነው። ያም ሆኖ ወጣቱ በብዛት ወደ አውስትራሊያ እየሄደ ነው። ሆቴሉ ሰልጥኖ የለመደ አስተናጋጅ፣ ጉብኝቱ ቋንቋ የሚያውቅ አስጎብኚ ያስፈልገዋል፤ የሚሄዱትም እነሱ ናቸው።

ከህንድ ድንበር አጠገብ በምትገኘው ቆላማዋ ጌሌፉ አሁን ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ያለው አዲስ ከተማ ታቅዷል፤ የአሁኑ ንጉሥ ዕቅዱን ይፋ ያደረጉት በታኅሣሥ 2023 ነው። ቦታው የዝሆኖች መተላለፊያ ስለሆነ በንድፉ ላይ መንገድ ተትቶላቸዋል። ሜዳ ነው፤ እንደ ፓሮ ገደል የለበትም፣ ትልልቅ አውሮፕላን ያሳርፋል። የመምሪያው ሰዎች በ2027 ተመኑን እንደገና ሲያወጡ፣ እስከዛሬ ያገዛቸው ተራራ ለወደፊቱ ከጎናቸው ላይኖር ይችላል።